ሶብር ማለት ሐቅን መተው ነው?



 የዛሬውን ማስታወሻ የምጀምረው ከራሴ ጥፋት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። አባቷ ምላሳቸው ጎን ላይ ትንሽ ቁስል ወጣባቸው። አንድ ክሊኒክ ሄዱ፤ አንቲባዮቲክና የአፍ መጉመጥመጫ ታዘዘላቸው። አልዳነም። ተመልሰው ሄዱ፤ ጥርስዎ ሾሎ ነው የሚወጋዎት ተባሉና ጥርሳቸው ተሞረደ። አልዳነም። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄዱ ቫይታሚን ተጻፈላቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ወር አለፈ። በመጨረሻ ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ያ ሐኪም ምላሳቸውን በጎዝ ይዞ ወደ ጎን ሳብ አድርጎ አየ፣ አንገታቸውን በጣቶቹ ዳሰሰ፣ በዚያው ሳምንት ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የምላስ ካንሰር ነበር። ወደ አንገታቸው እጢም ደርሶ ነበር።

እህታችን እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ "ኡስታዝ፣ ወንድሜ እንክሰስ ይላል። አጎቴ ደግሞ ሐኪም መክሰስ በአላህ ቀደር ላይ ማጉረምረም ነው፣ ኢማን ያለው ሰው ሶብር ያደርጋል ይላል። ቤታችን ለሁለት ተከፍሏል። ምን እናድርግ?"

መልእክቷን ያየሁት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ወደ ደርስ እየሄድኩ ነበር። ሁለት መስመር መለስኩላት፦ "እህቴ፣ ሶብር አድርጉ። አላህ የወሰነው ነው፤ አጅሩን ከእሱ ፈልጉ።" ከሥሩ የዱዓ እጆች ጨመርኩበት። እሷም "ጀዛከላህ ኸይር" ብላ ዝም አለች።

ማታ ቤቴ ገብቼ መልእክቷን እንደገና ሳነበው ደነገጥኩ። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ሐኪሙ ምን አየ? ምን አላየም? ስንት ጊዜ ሄዱ? እሳቸውስ ምን ይፈልጋሉ? ምንም። አንድ ሰው ቁስሉን አሳየኝ፤ እኔም ሳልመረምር ለሁሉም የምሰጠውን መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘሁት። ሶብር እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ግን ሳያዩ ከታዘዘ እሱም እንደዚያ አንቲባዮቲክ ነው። እኔ ያደረግኩት ያ ሐኪም ካደረገው በምን ይለያል?

ስለዚህ ደወልኩላት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ከመጀመሪያው ጀምራ እንድትነግረኝ ለመንኳት። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው

ዑለማዎቻችን በአንድ ነገር ላይ ፍርድ የሚሰጠው ነገሩ በትክክል ከታወቀ በኋላ ነው ይላሉ። እንግዲህ የአፍ ካንሰርን እንወቀው።

ይህ በሽታ በብዛት የሚነሳው ከአፍ ውስጠኛ ሽፋን ነው። የምላስ ጎንና ከምላስ ሥር ያለው የአፍ ወለል የሚያዘወትራቸው ቦታዎች ናቸው። ዋናዎቹ መንስኤዎች ትንባሆና አልኮል ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው ይከፋል። ወንድሜ፣ ትንባሆ ስል ሲጋራን ብቻ አይደለም። ሺሻም ትንባሆ ነው። በየመንና በሳዑዲ ጂዛን አካባቢ ሸማ የሚሉት፣ በሱዳን ቶምባክ የሚሉት፣ ከከንፈር ሥር የሚቀመጠውም ትንባሆ ነው። ይሁን እንጂ በሕይወቱ ትንባሆ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ሊይዘው ይችላል።

የዚህ በሽታ ተንኮሉ መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ተራ የአፍ ቁስል ያቃጥላል፣ በርበሬ ያስከለክላል፣ ከዚያ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይድናል። ይኼኛው ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የሕክምናው ዓለም ማንም የሚረዳው መለኪያ አስቀምጧል፦ ምክንያቱ ሳይታወቅ ከ3 ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል መመርመር አለበት። በእንግሊዝ ሐኪሞች የሚመሩበት መመሪያ እንዲህ ያለ ቁስል ያለበት ሰው ካንሰር ተጠርጥሮ በአስቸኳይ ወደ ስፔሻሊስት እንዲላክ ይላል። የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ንጣፍ፣ አንገት ላይ ያበጠ እጢ፣ ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ የምላስ ወይም የከንፈር መደንዘዝም ምልክቶች ናቸው። ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ከቁስሉ ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት፣ ማለትም ባዮፕሲ።

ጊዜ እዚህ ላይ ምን ያህል ዋጋ አለው? በአሜሪካ በተሰበሰቡ አሃዞች የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከተነሳበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘ ከ10 ታማሚ ከ8 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ከተገኘ ግን ቁጥሩ ወደ 4 ይወርዳል። ከሞት በመለስ ያለውም ትልቅ ነው። በጊዜ የተገኘ ትንሽ ቁስል በትንሽ ቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል። የዘገየው ግን የምላስ ክፍል፣ አንዳንዴም መንጋጋ፣ የአንገት እጢዎች ይወሰዳሉ፤ ከዚያ የጨረር ሕክምና፣ የደረቀ አፍ፣ በቱቦ መመገብ ይከተላል።

ታዲያ ስምንት ወር ማለት ይህ ነው።

ቀደርን የምናስታውሰው መቼ ነው?

አጎትየው የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። በሽታው፣ የተገኘበት ቀን፣ መዘግየቱም ሳይቀር በአላህ ዕውቀትና ውሳኔ ውስጥ ነው። ይህን የማያምን ሙስሊም የለም። ግን ከዚህ እምነት ውስጥ ሐኪሙ አይጠየቅም የሚል ድምዳሜ ከየት ይወጣል?

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ስልክህ ታክሲ ውስጥ ሲሰረቅ ቀደር ነው ብለህ ቤትህ ትገባለህ? ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለህ። የቀን ሠራተኛ ግድግዳህን አጣሞ ቢሠራ ቀደር ነው ብለሽ ሙሉ ሒሳብ ትከፍያለሽ? አትከፍይም። ቀደርን የምናስታውሰው ተጠያቂው ነጭ ጋዋን ሲለብስ ወይም ወንበሩ ከፍ ሲል ብቻ ከሆነ፣ ያ ኢማን አይደለም። ፍርሃት ነው፤ የኢማን ልብስ ለብሷል።

የዑመር ኢብኑል ኸጧብን (ረ.ዐ) ታሪክ ታውቁታላችሁ። ወደ ሻም ሲሄዱ በዚያ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙና ሰዉን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁ። የዑመር መልስ ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው የአላህ ቀደር ነው የምንሄደው የሚል ነበር። ግመሎቹን የሚያግድ ሰው አንዱ ጎኑ ለምለም ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ቢገኝ፣ በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ ግን ለምለሙን መምረጥ አለበት ብለው አስረዱ። ቁስሉ ቀደር ነው። ሐኪም ቤት መሄድ ቀደር ነው። የጎደለውን ጠይቆ ሐቅን መፈለግም ቀደር ነው።

እንዲህ ለዩት፦ ሶብር ከአላህ ጋር ያለን አደብ ነው። ተጠያቂነት ደግሞ በሰዎች መካከል ያለ ሐቅ ነው። አንድ ሰው በአላህ ውሳኔ ላይ ሳያጉረመርም፣ ሌሊቱን በዱዓ አንግቶ፣ ጠዋት አቤቱታውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለቱ አይጣሉም።

ሐኪም በሸሪዓ ይጠየቃል?

ይጠየቃል። አቡ ዳውድና ሌሎችም በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሕክምና ዕውቀቱ ሳይታወቅ ሰው የሚያክም ለሚያደርሰው ጉዳት ዋስ መሆኑን ተናግረዋል። ፉቀሃዎች ይህን ደማን ይሉታል። ኢብኑል ቀይም ዛዱል መዓድ በተባለው ኪታባቸው ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ ሐኪሞችን በየዓይነቱ ለይተዋል። ሙያውን የሚያውቅ፣ የሙያውን ሐቅ የሰጠ፣ እጁም ያልሳተ ሐኪም ሕመምተኛው ቢጎዳም ካሳ አይጠየቅም። ያልተማረ ሆኖ ያከመ ይጠየቃል። ዐዋቂው እጁ ቢስት ደግሞ የስህተት ካሳ አለበት።

በዚያው ቦታ ጎበዝ ሐኪም ሊያስተውላቸው የሚገቡ 20 ነገሮችን ዘርዝረዋል። የመጀመሪያው ምን መሰላችሁ? የበሽታውን ዓይነት መመርመር። ሁለተኛው መንስኤውን መፈለግ። መድኃኒት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ መጥቶ ያልዳነን ቁስል ናሙና ሳይወስድ ወይም ሳይልክ ሦስት ዓይነት መድኃኒት የሰጠ ሰው የሙያውን ሐቅ ሰጥቷል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

የሀገራችን ሕግም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ማንም ባለሙያ ሥራውን በሙያው ደንብ መሠረት እንዲሠራ ያዛል፤ በቸልተኝነት ደንቡን ከጣሰ ኃላፊ ነው። ተቀጣሪ ከሆነ አሠሪው ተቋም የሚጠየቅበትም አግባብ አለ። ከሳሽ ግን ሁለት ነገር ማሳየት አለበት። አንደኛ፣ በዚያ ቦታ ላይ የነበረ ጥንቁቅ ሐኪም ያደርገው የነበረውን ይህ ሐኪም አላደረገም። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ የመጣው ከዚያ ጉድለት ነው። የማስረዳት ሸክሙ በከሳሽ ላይ ነው፤ ፊቅሁም ማስረጃ የሚጠየቀው ከከሳሽ ነው ይላል። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ አንቀጽ 2143 ካሳ የሚጠየቅበትን ጊዜ በ2 ዓመት ይገድበዋል። እናስብበት እየተባለ ጊዜው እንዳያልፍ ጠበቃ ቶሎ ማማከር ይገባል። ከፍርድ ቤት ሌላ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ የሙያ ጥፋትን ይመረምራል። ካሳ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው።

በራስ ላይ መመስከር

እህታችን ከመጀመሪያው ስትተርክልኝ አንድ ቦታ ላይ ድምጿ ቀነሰ። "ኡስታዝ፣ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሄዱ ቀን ሐኪሙ በሁለት ሳምንት ካልዳነ ይመለሱ ብሏቸው ነበር። አባባ የተመለሱት ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወንድሜ ይህ እንዳይነሳ ይፈልጋል።"

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በኒሳእ ምዕራፍ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናንን በፍትሕ እንዲቆሙ፣ ምስክርነቱ በራሳቸውና በወላጆቻቸው ላይ ቢሆንም እንዳያጎድሉት ያዛል። ይህ አንቀጽ የወረደው ለዳኛ ብቻ አይደለም። ለከሳሽም ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ ያደረገው ነገር ጥፋት ላይሆን ይችላል። አዲስ ቁስል አይቶ ሕክምና ሰጠ፣ የመመለሻ ቀን ነገረ። ብዙ ጥንቁቅ ሐኪም እንዲሁ ያደርጋል። ከስምንቱ ወር ሁለቱ የአባትየው ናቸው። ጥያቄው የሚነሳው ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ቁስሉ ሁለት ወር ቆይቶ እያየው ጥርስ የሞረደ ዕለት። ሦስተኛው ቀን ላይ ደግሞ ይበረታል። ሐቁ ያለው እዚያ ነው። ከዚያ የሚያልፍ ክስ ራሱ ዙልም ይሆናል፤ የተበደለ ሰው በዳይ ሆኖ ይወጣል። የዘገየ ምርመራ ሁሉ ቸልተኝነት አይደለም። አንዳንዱ ካንሰር ጎበዙንም ያታልላል። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ዓይኑ ይደክማል። ይህ ሁሉ በሚዛኑ ላይ ይቀመጥ።

በሌላ በኩል አንድ ሐሜት ሰምቻለሁ፤ ሕመምተኛው ድሮ ሲጋራ ያጨስ ከነበረ ራሱ ያመጣው ነው፣ ምን አፍ አለው የሚል። ይህም ዙልም ነው። ትንባሆው ከአላህ ጋር ያለው ሒሳብ ነው። አጫሽ መሆኑ በጥንቃቄ የመታየት ሐቁን አይቀንሰውም። እንዲያውም ሐኪሙ ይበልጥ እንዲጠረጥር ያስገድደዋል።

"ይህን ባደርግ ኖሮ"

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን ቢልካቸው ኖሮ ይድኑ ነበር? ማን ያውቃል? ገይብን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ይህ ጥያቄ ዳኞችንም አስጨንቋል። የአፍ ካንሰር ጉዳይ ባይሆንም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት የተወሰነ አንድ ክስ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሁሉ ይጠቀሳል። አንድ ሰው ብብቱ ሥር እብጠት አግኝቶ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ተራ ስብ ነው ብሎ መለሰው። ከዘጠኝ ወር ገደማ መዘግየት በኋላ የእጢ ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ባለሙያዎች ሲያሰሉት ለ10 ዓመት የመኖር ዕድሉ ከመቶ 42 ወደ 25 ወርዷል። ከሳሹ ተሸነፈ፤ በ3 ለ2 ድምፅ። ለምን? መጀመሪያውኑ ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር፣ ሐኪሙ በጊዜ ቢልከውም ይድን ነበር ማለት ከአለመዳን ይልቅ የሚመስል አይደለም ተባለ። ሁለቱ ዳኞች ግን አልተስማሙም። ዕድል ራሱ የሰው ንብረት ነው፣ መቀነሱ ጉዳት ነው ወደሚለው አዘነበሉ።

እኔ ዳኛ አይደለሁም። ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል። ሕጉ የሚጠይቀው ጥያቄ በሙሉ "ቢሆን ኖሮ" ነው። እኛ ደግሞ በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መከራ ሲደርስብን ይህን ባደርግ ኖሮ ከማለት እንደከለከሉ፣ ይህ ቃል ለሸይጧን ሥራ በር እንደሚከፍት እናውቃለን። አጎትየውም ይህን ሐዲስ ጠቅሰዋል። ታዲያ ክሱ በዚህ ክልከላ ውስጥ ይገባል?

አይገባም። ኢማሙል ቡኻሪ በሶሒሓቸው "ቢሆን ኖሮ" ከሚለው ቃል የሚፈቀደው ምን እንደሆነ የሚያሳይ ምዕራፍ አስቀምጠዋል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ ነገሩን ቀድመው ቢያውቁ ኖሮ መሥዋዕቱን ይዘው እንደማይመጡ ተናግረዋል። የተከለከለው ልብን የሚበላው፣ በአላህ ውሳኔ ላይ የሚያምፀው ነው፤ ሌሊት ጣራ እያዩ፣ ያን ቀን ሌላ ክሊኒክ በወሰድኳቸው ኖሮ እያሉ ራስን መግደል። ያቺ እህት ይህን ስታደርግ ቆይታለች፤ ይህን እንድትተው ነግሬያታለሁ። ሐቅን ለመለየት፣ ነገ ሌላ ሰው እንዳይጎዳ የሚጠየቀው "ቢሆን ኖሮ" ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ወደ ኋላ ይጎትታል። ሁለተኛው ወደ ፊት ያያል።

ፊደል በፊደል

አባትየው ቀዶ ሕክምናው ተደርጎላቸዋል። የምላሳቸው አንድ ክፍል ተወስዷል። ልጠይቃቸው ስሄድ ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ ስለ ሶላታቸው ነው። ወረቀት ላይ እንዲህ ጻፉልኝ፦ "ፋቲሓ አልወጣ አለኝ። ራ እና ዷድ ጠፉብኝ።" አላህ ነፍስን ከችሎታዋ በላይ አያስገድድም፣ የቻሉትን ያህል ይቅሩ፣ ሶላትዎ ሶላት ነው አልኳቸው። አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

ወደ ቤቴ ስመለስ መድረሳ እያለሁ የተማርኩት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያኔ ስንማረው ተሳስቀንበት ነበር። ፉቀሃዎች ሰው የሌላውን ምላስ ቢቆርጥ ሙሉ ዲያ፣ ማለትም 100 ግመል አለበት ይላሉ። ምላሱ በከፊል ተጎድቶ ንግግሩ በከፊል ቢጠፋስ? ብዙዎቹ ዑለማዎች ካሳው በፊደላት ላይ ይከፋፈላል ብለዋል። የዐረብኛ ፊደላት 28 ናቸው፤ ሰውየው ፊደላቱን እንዲያነብ ይደረግና የጠፋበት ይቆጠራል። ለእያንዳንዱ የጠፋ ፊደል ከካሳው አንድ ሃያ ስምንተኛ።

እርግጥ የሐኪሙ ጉዳይ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። እሱ ምላስ አልቆረጠም፤ የቆረጠው ሕይወታቸውን ሊያድን ነው። አለማየትና መቁረጥ በሕግም በፊቅህም የተለያየ ሚዛን አላቸው። ይህን ለባለ ዕውቀቶቹ እተዋለሁ። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እነዚያ ዑለማዎች ከማንኛችንም በላይ በቀደር ያምኑ ነበር። ግን ምላሱ የተጎዳውን ሰው ሶብር አድርግ ብለው ብቻ አልሸኙትም። አስቀምጠው ፊደል በፊደል አስቆጠሩት። ከሰው ሐቅ አንዲት ራ እንኳን እንዳትጠፋ።

እኔ ግን በሁለት መስመር ሸኘሁ።

ይቅር የሚለው ማነው?

በሹራ ምዕራፍ አላህ (ሱ.ወ) ይቅር ብሎ ያስታረቀን ሰው ምንዳው በእሱ ዘንድ እንደሆነ ይነግረናል። ወዲያው ቀጥሎ ከተበደለ በኋላ ሐቁን የጠየቀ ሰው ላይ ምንም ወቀሳ እንደሌለ ይነግረናል። ዐፍው የበለጠ ነው፤ ግን ዐፍው የሚባለው ሐቅ እንዳለህ ታውቆ፣ መጠየቅ እየቻልክ ስትተው ነው። ምን እንደተበደለ ያላወቀ ሰው ይቅር አላለም፤ አልገባውም። ጠይቆ እንዳይናገር የተፈራረደበት ሰውም ይቅር አላለም፤ ዝም አለ።

ሐቁ ደግሞ የአባትየው ነው። የአጎት አይደለም፣ የወንድም አይደለም፣ የኡስታዝም አይደለም። በሌላ ሰው ምላስ ይቅር ማለት አይቻልም። ስለዚህ እሳቸውን ጠየቅናቸው። ወረቀቱን ተቀበሉና ቀስ ብለው ጻፉ፦ "ገንዘቡ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ያ ልጅ ግን ነገም ሰው ያያል። የሚቀጥለውን ሰው ምላስ ሳብ አድርጎ እንዲያይ እፈልጋለሁ። ይቅርታ ከጠየቀኝ ይቅር እለዋለሁ። ሳይጠይቀኝ በእኔ ፈንታ ይቅር ያላችሁት ግን ማን ፈቅዶላችሁ ነው?"

ወላሂ የመጨረሻዋ መስመር ለእኔም ነበረች። ዐፍው ጠየቅኳቸው። ጭንቅላቴን ዳበሱኝ።

አቤቱታው ገብቷል። የሁለት ወሯ ነገር በግልጽ ተጽፋለች፤ አባትየው ራሳቸው ናቸው ይጻፍ ያሉት። ወንድምየው መጀመሪያ ተቆጣ፣ በኋላ ተቀበለ። ውጤቱ ገና ነው። ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል።

ከመለያየታችን በፊት

ወጣቶች፣ ሦስት ነገር አደራ ልበላችሁ።

አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባችሁ የሐኪሙን ፎቶ ቲክቶክ ላይ አትለጥፉ። ኢማሙ ነወዊ ሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ሰውን በሌለበት ማንሳት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲቆጥሩ የመጀመሪያው የተበደለ ሰው ሐቁን ለማስመለስ ሥልጣን ላለው አካል አቤት ሲል ነው። ሥልጣን ላለው ነው ያሉት፤ ለመቶ ሺህ ተመልካች አላሉም። ዳኛ ሁለቱንም ወገን ይሰማል። አስተያየት መስጫ ሳጥን አይሰማም።

ሁለተኛ፣ የወላጆቻችሁን የሕክምና ወረቀት ያዙ። የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የሄዱበት ቀን፣ ተመለሱ የተባሉበት ቀን። በተባሉበት ቀን መልሳችሁ ውሰዷቸው። ካልዳነ "ዶክተር፣ ይህ ምን ሊሆን ይችላል? ናሙና አያስፈልገውም? ሪፈር ይጻፍልን?" ብላችሁ በአደብ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ሕክምና ፈልጉ ተብለን የታዘዝን ኡማ ነን።

ሦስተኛ፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ቤት ስትገቡ እናታችሁንና አባታችሁን አፋቸውን ከፍተው ምላሳቸውን እንዲያወጡ ጠይቋቸው። ይስቁባችኋል። ይሳቁ። በስልካችሁ መብራት ግራና ቀኙን እዩ። ከሦስት ሳምንት የቆየ ቁስል ካለ ነገ አትበሉ።

በሙያ ላይ ላላችሁ የሕክምና ተማሪዎችና ሐኪሞችም አንድ ቃል አለኝ። ይህ ጽሑፍ በእናንተ ላይ አይደለም። ለሰው ሕይወት እንቅልፋችሁን የምትሰጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እያንዳንዱ አፍ አማና ነው። የኔም አማና እንዲሁ ነው፤ ሰው ቁስሉን ሲያሳየኝ ከመመለሴ በፊት ማየት። ሁለታችንም የምንጠየቀው አንድ ቦታ ነው።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ ሐኪሞቻችንን ዓይናቸውንና እጃቸውን ያጥናልን፣ ሐቅ ለመጠየቅ ድፍረት፣ ይቅር ለማለት ሰፊ ልብ፣ በራሳችን ላይ ለመመስከርም እውነት ይስጠን። አሚን።